የከሸፈችው ጥይት

ጎረቤቱ ሁሉ ባሏን «ሬዲዮ» ይለዋል። እሷ ግን «ሬዲዮስ መዝጊያ አለው» ትላለች። ጡረተኛ ወታደር ነው። ዛሬ ጠዋት ዕቃ ቤት ሲያጸዱ የአባቱን ጠመንጃና የጥይት ሣጥን አገኘና አፉ ተከፈተ።

«ዝገት የበላው ለፖሊስ ይሰጣል! የተጣመመ አይነካም! ቂጡ ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው ጋር ካልገጠመ አይጎረስም!»

ምሳው በረደ፤ እሱ አልበረደም። ደህና የመሰሉትን ለይቶ፣ አንዷን አጉርሶ ጓሮ ካለው ትልቅ የአፈር ቁልል ፊት ቆመ።

«ቃታ ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ከአፈሩ ሳያነሱ፣ ትንፍሽ ሳይሉ አንድ ደቂቃ ሙሉ መጠበቅ ነው!»

ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለና ከሸፈ።

ሬዲዮ ደርቆ ቀረ። እሷ በሠላሳ ዓመት ትዳሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤት ዶሮ ስትጭር ሰማች፤ የራሷን ትንፋሽ እንኳ ሰማች።

ደቂቃው አለቀ። «አየሽ፣ ባሩዱ አርጅቷል፤ እኛ ጦር ሠራዊት ውስጥ እያለን...» ብሎ ሊቀጥል ሲል በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

«ስንት ቀረ?»

«ሠላሳ አራት።»

«በል አንድ በአንድ ሞክራቸው» አለችው፤ «እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም።»