ከሽማግሌዎች ጋር የሄደችው ዶሮ

ጅግራ እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ አይሆንላትም። ሣር ውስጥ ትጥልና እልም ትላለች። ብትፈለፍልም ጫጩቶቿን በማለዳ ጤዛ እየጎተተች ትፈጃቸዋለች። ስለዚህ ቦንጎ በሚባለው አገር ጅግራ የሚያረባ ሰው ሁሉ እንቁላሉን ዶሮ ያስታቅፋል። አዊንፖካ ደግሞ ያላት አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረች። ባሏ በሞተ ዓመት ሌሎቹን ፈንግል ጨርሷቸዋል።

ቀይዋ የራሷንና የሰውን አትለይም። በዚያ ክረምት ስድስት የጅግራ ጫጩቶች ፈለፈለች፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ክንፏ ሥር እየከተተች፣ አዊንፖካም ምስጥ እየቆፈረች አብረው አሳደጓቸው። ጅግራዎቹ በቁመት ከበለጧት በኋላ እንኳ ሲመሽ ዛፍ ላይ መስፈሩን ትተው ጎተራው ሥር እሷ ጎን ይጋፉ ነበር።

«አይ አንቺ! ጎረምሳ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?» ትላታለች አዊንፖካ እየሳቀች።

ጅግራዎቹ ወንድ ልጇ አኮልጎ ለሚያገባት ልጅ ቤተሰብ የሚሰጡ የጋብቻ ስጦታ ነበሩ። የልጅቷ አባት አኩሩጉ ነገር የሚያበዛ ሰው ነው። ስጦታው ግቢው ውስጥ ካላደረ ጋብቻው አይጸናም ብሏል። ስጦታውን የሚያደርሱትን ሽማግሌዎች የሚመራው የሟች ባሏ ወንድም አቱብጋ ነው። የወንድሙ ሚስት ስለሆነች፣ በአገሩ ወግ ሁልጊዜ «ሚስቴ» እያለ ይቀልድባታል።

«ሚስቴ፣ ይህቺ ዶሮ ቅርጫቱ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለ ሊነሱ ሲሉ።

«እሷ ከሌለች ጅግራዎቹ አያድሩም። ግቢውን እስኪለምዱ ትቆይና ትመልስልኛለህ። የምትሰጥም የምትታረድም አይደለችም። ይህን ለአኩሩጉ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ።»

«በአባትህ ሞት?»

«በአባቴ ሞት! ደግሞ ለዶሮ ታስምዪኛለሽ?»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማሽላ ጠላ እየሸተተ ተመለሰ። «ጨርሰናል! ልጅቷ የእኛ ናት!» አለ ገና ከበሩ። አኮልጎ ዘለለ፣ አዊንፖካም እልል አለች። ደስታዋ ከልብ ነበር። እልልታው ሲያበቃ ግን ጠየቀችው።

«ስለ ዶሮዋ ነገርከው?»

አቱብጋ ቆቡን አውልቆ እራሱን አከከ። «እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሰው አማቾቹ ደጅ ቆሞ፣ እነዚህ የእናንተ ናቸው፣ ይህቺ ግን የእኛ ናት ይላል? ስስታሞች መጡ አይሉንም? አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ሰውዬው ደግሞ ደግነቱ ተነሣበትና ለእንግዶቼ ብሎ አረዳት።»

«በላህ?»

«አማች ያቀረበውን ልተወው?» ከዚያ የሚያጽናናት መስሎት «ሥጋዋ እንኳ ጠንካራ ነበር» አለ።

አቱብጋ ክፉ ሰው አይደለም። ይሉኝታው ግን ከክፋት ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል። አዊንፖካ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ከወንዙ በኩል የጅግራ ጩኸት ተሰማ። ስድስቱም በእግራቸው ሸለቆውን አቋርጠው መጥተዋል። በአጥሩ ዘለው ገቡና ጎተራው ሥር እየዞሩ ይጮኹ ጀመር።

አኮልጎ ክው አለ። «ሰውዬው ግቢውን ባዶ ካየው አለቀልኝ!» ብሎ ተወረወረ። አቱብጋም ዱላ ይዞ ተከተለው። ጅግራዎቹ ተንጫጭተው ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጡ።

«ተዉ! ሁለታችሁም ቤት ግቡ!» አለች አዊንፖካ።

«እንዴት ልትይዢያቸው ነው?»

«አያገባህም! ገብተህ አትቀመጥም?» አለችው አቱብጋን።

ጎተራው ሥር፣ ቀይዋ ታድርበት ከነበረው ገለባ ላይ ቁጢጥ አለች። ከዚያ ዶሮ ጫጩቶቿን እንደምትሰበስብ በጉሮሮዋ ጠራቻቸው። መጀመሪያ ድምፁ አሳፈራት። ጅግራዎቹ ግን ጩኸታቸውን አቆሙ። አንዷ ወረደችና ቀሚሷ ሥር ገባች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። አዊንፖካ እየጠራች፣ ወደ አኩሩጉ ግቢ እንዲመለሱ አንድ በአንድ እግራቸውን ይዛ በገመድ አሰረቻቸው። አንዳቸውም አልተፈራገጡም።

ልጇ ሊያገባ ነው፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን በጅግራዎቹ ተናደደች፤ እንዲህ በቀላሉ ስላመኗት።