ዳማ የቆመበት መስቀለኛ

ዛሂድ ባጃጁን ወደ መስቀለኛው መንገድ ባስጠጋ ቁጥር የቃጭል ድምፅ ይሰማዋል። ከኋላው የተቀመጡት እትዬ ኡሙሀኒ ግን አይሰሙም። የሽንኩርት ጆንያቸውን በጉልበታቸው መሀል አጥብቀው ይዘው፣ «ዛሬም ልትቆም ነው?» ይሉታል።

ከቃላሚኖ የሚወርደው መንገድና ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው አስፋልት እዚያ ይገናኛሉ። መብራት የለ፣ አደባባይ የለ። ጋሪና ብስክሌት ብቻ በሚያልፍበት ዘመን ማንም አይቸገርም ነበር። ኋላ ሕንፃው በዛ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ የጫነ መኪና በዛ፤ ሁሉም ቅድሚያ የእኔ ነው እያለ ይገባ ጀመር።

ዛሂድ ያኔ ባለጋሪ ነበር። ፈረሱን ዳማን እዚያ ሲደርስ እንዲቆም አስተምሮታል። «ቁም» ሲለው ይቆማል፤ መንገዱ ነጻ ሲሆን ራሱ ይሄዳል። ባጃጅ ሲመጣ ዳማን ለአንድ የኩይሓ ሰው ሸጠው። ሰውየውም ፈረሱ ማነከስ ሲጀምር፣ ባለጋሪዎች እንደሚያደርጉት፣ ሜዳ ላይ ለቀቀው። ዳማ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። የአንገቱን ቃጭል እንዳንጠለጠለ መጥቶ መስቀለኛው መሀል ቆመ።

ክረምቱን ሙሉ እዚያው ቆመ፣ ዝናብ እየወረደበት። ባለመኪናው ሁሉ እየተሳደበ ዞረው። ሲዞረው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ደግሞ እርስ በርሱ ይተያያል። በዚያ ክረምት አንድም መኪና ከሌላው ጋር አልተላተመም። ዛሂድም እንደ ሰው ሁሉ ዞረው። ጥሩምባ ሲነፋ ዳማ ዝም ይላል፤ ዛሂድ ከተሳፋሪ ጋር ሲያወራ ግን ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ ዛሂድ እዚያ ሲደርስ፣ ድምፁን እንዳያውቀው፣ አፉን ይዘጋ ነበር።

በመስቀል ሰሞን ዳማ ሞቶ ተገኘ። ትራክተር ጎትቶ ወሰደው። መኪኖቹ ባዶውን ቦታ ለጥቂት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ እንግዳ ሾፌሮች በመሀል እየበረሩ ማለፍ ጀመሩ፤ ነባሮቹም ረሱት። ዛሂድ ብቻ አልረሳም። ቃጭሉ ከጎማው ሥር ሲሰማው እግሩ ፍሬን ላይ ይወርዳል፤ ባጃጁም መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል።

«ኣንታ ዛሂድ!» ይጮሃል ከኋላው የሚኒባሱ ሾፌር ገብረተንሳኤ። «ተዝካሩን አውጣና አሳልፈን!»

«ፈረስ ተዝካር አለው እንዴ፣ አንተ ባለጌ!» ይሉታል እትዬ ኡሙሀኒ።

አንድ ጠዋት እንደልማዱ መሀል ላይ ቀጥ ሲል ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና ከጎን መጣባቸው። ለጥቂት ሳታቸው። የባጃጁ ሸራ ተቀደደ፤ ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። መኪናው ዞር ብሎም አላያቸው።

እትዬ ኡሙሀኒ ወርደው ሽንኩርታቸውን አንድ በአንድ ለቀሙ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሞተ አቁሞኝ ልሙት?»

«ካለፍኩ የምረግጠው ይመስለኛል፣ እትዬ። እዚያው ነው ያለው።»

«እንግዲያው መቆሚያ ስጠውና አንተ እለፍ።»

ከሰዓት በኋላ ዛሂድ ከቤቱ ጓሮ አሮጌውን ጋሪ አወጣ። ፈረስ ስለሌለው በሁለቱ እንጨቶች መሀል ራሱ ገብቶ ጎተተው። መስቀለኛው ጋ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘው፣ «ቁም» ብሎ ቆመ። መንገዱ ነጻ ሲሆን ጋሪውን መሀል አስገባ። ገብረተንሳኤ ከሚኒባሱ ወረደ። ሊስቅ ነበር፤ የዛሂድን ፊት አይቶ ተወው። ድንጋይ አንስቶ ጎማዎቹን ደገፈለት። መኪኖቹ መጡ፤ ተሳደቡ፤ ዞሩ።

በማግስቱ እትዬ ኡሙሀኒ ባጃጁ ውስጥ የገቡት ቢስሚላህ እያሉ ነው። መስቀለኛው ሲቀርብ ቃጭሉ ተሰማ። ዛሂድ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አንስቶ አፉን ከፈተ።

«ዛሬ ገበያው እንዴት ይሆን? ዝናቡም ቆመ። መንገዱም ደርቋል» አለ ጮክ ብሎ።

ቃጭሉ ዝም አለ፤ ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጥ እንስሳ እንደሚያደርገው።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

ዛሂድ ባዶውን ጋሪ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ወሬውን አላቋረጠም።