ሲስተሙ ያላመነው ፌርማታ

የእኛ ፌርማታ ድሮ የሚሠራው በድንጋይ ነበር። ማልዶ የተነሳ ሰው ድንጋዩን ተራው ላይ ያስቀምጥና ተመልሶ ይተኛል፤ አውቶቡሱ ሲቃረብ ፊቱን ሳይታጠብ እየሮጠ ይደርሳል። የማን ድንጋይ ከማን እንደሚቀድም የሚወስነው "ዳኛው" የምንለው ጡረተኛ ነው። ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ የመጋዘን ጠባቂ ነበር። ፍርዱ ግን ይግባኝ የለውም።

ከዚያ መተግበሪያው መጣ። ስልክ ላይ "እየጠበቅኩ ነው" የሚል ቁልፍ አለ። ሰው ሲጫነው ሲስተሙ የጠባቂውን ብዛት ያይና አውቶቡሱን ብዙ ሰው ወዳለበት ይልካል። ከሰፈሩ ሁሉ ይበልጥ ደስ ያለው እኔን ነበር። ለእማዬ ስልኳ ላይ ጫንኩላት፣ አጠቃቀሙን አሳየኋት፣ ድንጋይዋንም ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

ብዙም ሳይቆይ አውቶቡሱ ወደ እኛ መታጠፍ ተወ።

እማዬ ኩላሊቷ ስለደከመ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። ሰሞኑን ደጋግማ አርፍዳለች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቀስ ብላ "አንድ ጊዜ ከደገማችሁ የጠዋት ተራዋን ለሌላ በሽተኛ እሰጣለሁ። የሚቀራችሁ የማታ ነው" አለችኝ። ማታ ወደ እኛ ሰፈር የሚመለስ ነገር የለም። ታክሲ እንዳልኮናተር የእኔ ደሞዝ ለዚያ አይበቃም።

"ሆን ብለው ነው" አለ ዳኛው አንድ ቀን፣ ባዶውን መንገድ እያየ። "እነዚያ አዳዲስ ፎቆች ጋ፣ ላይኛው ፌርማታ፣ አውቶቡስ እየተከታተለ ይቆምላቸዋል።"

"ሲስተሙ ፎቅ ይወዳል እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ፎቅ የማይወድ ማን አለ?"

ከዳኛው ጋር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማሁ። በዚያው ቀን ከሥራ ቀርቼ የአውቶቡስ ድርጅቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ሄድኩ። ተረኛው የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። የፌርማታችንን ስም ስነግረው ፈገግ አለ።

"እናንተ ናችሁ እንዴ? ውሸታሞቹ?"

"ምን አልክ?"

"እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሱ ነው።" ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፌርማታችን ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። "በየጠዋቱ መንደሩ በሙሉ እየጠበቅኩ ነው ይላል። አውቶቡሱ ሲደርስ አንድ አሮጊትና አንድ ውሻ። ይሄ ሲደጋገም ጥሪያችሁን መቁጠር ተወ። ጠሪ ከሌለ ሹፌሩ በዋናው መንገድ ያልፋል። ወደ እናንተ የሚታጠፈው ወራጅ ካለ ብቻ ነው።"

"ከምር የቆሙትስ?"

"በምን ይለያቸው? ተጠጋግታችሁ ነው የምትኖሩት፤ ለስልኩ አልጋችሁም ፌርማታ ነው።"

"አንተ አስተካክለዋ።"

"በእጅ አይነካም። ከእናንተ ጋ ሰው ሲሳፈር ካየ እሱ ራሱ ያምናችኋል።"

"አውቶቡስ ካልመጣ ሰው በምን ይሳፈራል?"

አንድ ቃሉንም አላመንኩትም። ጥፋቱን በእኛ ላይ ለማላከክ ቀድሞ የተሸመደደ ወሬ መሰለኝ። እስክወጣ ድረስ ስክሪኑን ሳይሆን ዓይኑን ነበር የማየው።

በማግስቱ የሕክምና ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ ለባብሼ ከእማዬ ክፍል አጠገብ ሳልፍ እንደ ውሃ ጠብታ ያለች ድምፅ ሰማሁ። ቁልፉ ሲጫኑት የሚያሰማት ድምፅ ናት። በሩን ገፋሁት። እማዬ እስከ አገጯ ተሸፋፍና ተኝታለች፤ ከብርድ ልብሱ የወጣው አንድ እጇ ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ ይዟል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቦታ እየያዝኩ ነዋ።"

"ተኝተሽ?"

"ድንጋዬን የጣልሽው አንቺ! ታዲያ በምን ልያዝ?"

"እየጠበቅኩ ነው ነው እኮ የሚለው!"

"እና እየጠበቅኩ አይደለም? ተኝቼ እየጠበቅኩ ነው።" ስልኩን ትራሷ ስር ሸጎጠችው። "ደግሞ እኔን ብቻ አትዪኝ። ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ቀድማ ነው የምትጫነው። ዘዴውን ያመጣውም ዳኛው ነው።"

ፌርማታው ስንደርስ ዳኛው ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ሌሎችም አሉ።

"ጋሼ፣ ከአልጋ ላይ ተጫኑ ብለው የመከሩት እርስዎ ነዎት?"

"ሥርዓት ነው" አለ ሳያፍር። "ድንጋዩም ብቻውን ነበር የሚቆመው። ውሸታም ያለው የለም።"

"ድንጋዩን ሹፌሩ አይቆጥረውም ነበር!"

"እኔ ብተው እሷ መቼ ትተዋለች?" በአገጩ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠቆመ።

"አንተ ተኝተህ ልትቀድመኝ፣ እኔ ቆሜ ልቀር? ሞኝህን ፈልግ!"

"በቃ!" አልኩ። "ዛሬ ቆመናል። ሁላችንም አሁን እንጫን።"

እርስ በርስ በዓይን እየተጠባበቅን ተጫንን። ስልኮቹ "ጥሪዎ ተመዝግቧል" አሉ። ትንሽ ቆይቶ አውቶቡሱ ከቤቶቹ ጀርባ ታየ፤ በዋናው መንገድ፣ ፍጥነቱን እንኳን ሳይቀንስ አለፈ። ስንዋሽ ይመጣ የነበረው እውነት ስንናገር ጥሎን ሄደ።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ከጫማዋ ተርፏል።

ያን ጊዜ የተረኛው ልጅ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወራጅ ካለ ይታጠፋል። ዋሽቶኝም ሊሆን ይችላል። "ማንም እንዳይበተን!" ብዬ ሽቅብ ወደ ላይኛው ፌርማታ ሮጥኩ።

ፎቆቹ ስር ብቻዬን ቆሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ያው እኔ፣ ያው ስልክ። እዚህ ግን ሲስተሙ አመነኝ፤ ትንፋሼ ሳይመለስ አውቶቡሱ ከች አለ። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንጠጋ ጮህኩ፦

"ወራጅ አለ!"

"እዚህ?" አለ ሹፌሩ። "እዚህ እኮ ሰው የለም።"

"ቤቴ ልገባ ነው፤ ሰው ምን ያደርግልኛል?"

በመስታወቱ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ መሪውን ጠመዘዘ።

በሩ ሲከፈት ፌርማታው በሙሉ ወደ ውስጥ ጎረፈ። ዳኛው ክንዱን ዘርግቶ አገዳቸው፤ "በሽተኛዋ ትቅደም!" ብሎ እማዬን ደግፎ አሳፈራት። እሱ ራሱ መጨረሻ ገባ።

"ወራጇስ?" አለ ሹፌሩ።

"ሐሳቤን ቀየርኩ።"

"ውሸታሞች ናቸው ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለና በሩን ዘጋው።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ከዚያ አልጋውን በእጇ አመለከተችን። ተራዋ ተረፈ። ማሽኑ መሥራት ሲጀምር አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በቀኝ ክንዷ ቱቦው ገብቷል፤ በግራ እጇ ከሹራቧ ኪስ ስልኳን ስታወጣ አየሁ።

"ማን ጋ ልትደውዪ ነው?"

"ለመመለሻው፣ በሩ ላይ ካለው ፌርማታ ቦታ ልያዝ ብዬ።"

"እማዬ! ገና አሁን ተኛሽ እኮ! ዛሬ ስንት ሮጬ..."

"ሌሎቹስ?" አለች።

ቀና ብዬ ክፍሉን ቃኘሁት። በረድፍ የተደረደሩ አልጋዎች፤ በየአልጋው አንድ የታሰረ ክንድና አንድ ነፃ እጅ፤ በየነፃው እጅ ስልክ። ከልጆቻቸው ጋር እየተጻጻፉ ይሆናል። ከወዲያ ጥግ ግን እንደ ውሃ ጠብታ ያለች ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከመስኮቱ ስር።

የእማዬን ስልክ ከእጇ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"እሺ፣ እኛ ብቻ ሞኝ እንሁን" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሦስተኛው ጠብታ ከጎናችን አልጋ ሲሰማ ስልኩን መልሼ ልሰጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።