አጸደ ያላለችው

አጸደ በገናዋን ለማንም የምታወጣ ሴት አልነበረችም። አባቷ መሪጌታ ቀለመወርቅ ያስተማሯትን በጾም ወራት ቤቷ ተቀምጣ ትደረድራለች፤ የኮልፌ ጎረቤት መጥቶ ያዳምጣል፤ በቃ። ስለዚህ በ፲፱፻፴ ዓ.ም. የዓቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሀብተሥላሴ መጥቶ "ካፒታኖው በገና መስማት ይፈልጋል" ሲላት ደሟ ፈላ።

ሀብተሥላሴ የሰፈሩ ልጅ ነው። ፊደል ያስቆጠሩት የእሷው አባት ናቸው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን ኮረብታው ላይ ላለው የጦር ሰፈር አዛዥ፣ ለካፒታኖው፣ ቱርጁማን ሆኖ ያስተረጉማል።

"እትዬ አጸደ፣ ሰውየው ዜማ ወዳድ ነው" አላት። "'የአገራችሁን ዜማ ሰምቼ አላውቅም፣ ከየቱ ልጀምር' ቢለኝ የእርስዎን ስም ጠራሁ። ከእርስዎ በገና የሚበልጥ ምን አለን?"

"ለመሳቂያ ከሆነ አልመጣም።"

"ለመሳቂያ አይደለም። ደግሞም እምቢ ቢሉ ወታደር ነው የሚልክብዎ።"

አጸደ ጥርሷን ነከሰች። "እንግዲያው የምነግርህን አንድም ሳታጎድል ንገረው። ተቀምጦ ይስማ። መጠጥ አይያዝ። መጀመሪያ ላይ ንብ የሚጮህ ይመስለዋል፤ አይቸኩል፣ ጆሮው ሲለምደው ከሥር ያለው ድምፅ ይመጣለታል። ከሁሉም በላይ ቃሉን ንገረው። ቃሉ ከሌለ በገና እንጨትና ጅማት ነው።"

"ሁሉንም እነግረዋለሁ" አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄደች። ካፒታኖው ብርጭቆውን እንኳ አስቀምጦ በረንዳው ላይ ነበር የጠበቃት። ስትጀምር ፈገግ አለ፤ ቆየት ብሎ ግን አንገቱን ደፋ፣ እግሩን ማወዛወዙንም ተወ። አጸደ ይህን አይታ ከአባቷ ግጥሞች አንዱን መረጠች፦

ወሰን የሚገፋው አገር ጠበበኝ ብሎ፣
ሦስት ክንድ ጉድጓድ ውስጥ ያድራል ተጠቅልሎ።

ስትጨርስ ካፒታኖው አንድ ነገር ጠየቀ። ሀብተሥላሴ ረዘም አድርጎ መለሰለት። ወዲያው የሰውየው ፊት በራ፤ ተነሥቶ እጇን ጨበጣት፣ ስኳር በከረጢት አሸከማት፣ በመጪው በዓላቸው ሕዝብ በተሰበሰበበት ይህንኑ ትደረድራለች ብሎ አዘዘ።

"ምን ብለህ ነው እንዲህ ደስ ያሰኘኸው?"

"ያሉትን ነዋ፣ እትዬ።"

መንገድ ላይ ደሜ ደረሰባት። ደሜ አስኮ ላይ ለጣሊያኖች ድንጋይ ሲፈልጥ ጣሊያንኛ የለቀመ ጎልማሳ ነው፤ ያን ቀን እዚያው ካፒታኖው ግቢ አጥር ይሠራ ነበር።

"እትዬ አጸደ፣ እርስዎም ጣሊያንን ማወደስ ጀመሩ?"

"ምን አልክ?"

"ሀብተሥላሴ እኮ 'የሮማ መንግሥት ጠባቡን አገራችንን አሰፋልን፣ ድሀውም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሰላም ያድራል ትላለች' ነው ያለው።"

አጸደ መንገዱ መሐል ቆመች። "የአባቴን ቃል! ፊደል ያስቆጠሩትን ሰው ቃል!" አለችና ፊቷን ወደ ኮረብታው አዞረች።

"ይተዉት፣ ይገድሉዎታል!"

"አንተ ትተረጉምልኛለህ?"

"የእኔ የድንጋይ ፈላጭ ጣሊያንኛ ነው።"

"ይበቃል።"

ካፒታኖውና ሀብተሥላሴ ገና ከበረንዳው አልተነሡም። አጸደ ስኳሩን እግራቸው ሥር አስቀምጣ ወደ ሀብተሥላሴ ዞረች። "በል፣ አሁን እንዳልኩት ንገረው።"

የሀብተሥላሴ ከንፈር አመድ መሰለ። "እትዬ፣ ያዳንኩዎ እኮ እኔ ነኝ!"

"ማን አድነኝ አለህ? ብትፈራ 'ቃሉ አልገባኝም' ትላለህ፣ ማንም አይፈርድብህም። እኔን አወዳሽ ያደረግኸኝ በምን ዕዳዬ ነው?"

ደሜ ጉሮሮውን ጠራርጎ በሀብተሥላሴ ፈንታ ግጥሙን መተርጎም ጀመረ። ቃል ባጠረው ቁጥር በእጁ እያሳየ፣ በመጨረሻም ተንበርክኮ ሦስት ክንድ መሬት ለካ። ካፒታኖው ገባው። ፊቱ ቀላ። "ይህ ስለ እኔ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"እናንተ ሳትመጡ በፊት አባቴ የደረሱት ነው" አለች አጸደ። "የባልንጀራውን ማሳ የሚገፋ ሁሉ ይሰማዋል። አንተም ገፍተህ ከሆነ ስለ አንተ ነው።"

ደሜ አየት አደረጋት። አላጎደለም፤ ሁሉንም ተረጎመው።

በገናውን የዚያኑ ዕለት ቀሟት። አጸደ ሦስት ሳምንት ታሰረች፤ ደሜ ተገርፎ ከሥራው ተባረረ። በበዓሉ ቀን የደረደረ ሰው አልነበረም።

በተፈታች በሳምንቱ የሰፈሩ አናጢ ወዬሳ ለአዲስ በገና የሚሆን ግንድ ይዞላት መጣ፤ ደሜም ጅማቱን ይፍቅ ጀመር። ሦስቱ ግቢ ውስጥ ሲሠሩ ሀብተሥላሴ ባርኔጣውን አውልቆ በአጥሩ በር ገባ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጣሊያኑ በገናዎን እንዳይወስድብዎ ብዬ ነበር።"

አጸደ ቀና አለች። ቁጣዋ በሦስት ሳምንት እስር አልበረደም። "ጣሊያኑ ጠላት ነው፣ ይወስዳል። የወሰደውም እንጨት ነው፤ ይኸው ወዬሳ ሌላ እየጠረበልኝ ነው። አንተ የወሰድከው አፌን ነው። ቃሉን በልብህ እያወቅህ በአፌ ውሸት አናገርከኝ። ሂድልኝ!"

ሀብተሥላሴ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። አጸደም እጅጌዋን ሰብስባ የጅማቱን ሌላ ጫፍ ለደሜ ያዘችለት።