ለፔጆዋ የታዘዘው ፓምፕ

ሙሜ በድሬዳዋ ሰላሳ ዓመት ታክሲ የሠራባትን ፔጆ 404 ከልጆቹ ለይቶ አያያትም ነበር። ዘንድሮ ግን ሙቀቱ ሲበረታ መቆም አመጣች። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ፣ ገና ከከዚራ ሰፈር ሳትወጣ ቀጥ ትላለች።

ሚስቱ ዱኒያ ከታመመች አራት ወር ሆኗታል። ሐኪሞቹ "ቤቷ ትረፍ" ብለው ከላኳት ወዲህ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ወዳለችው ቢዮ አዋሌ ሄዳ፣ መራመድ ያቃታትን ታላቅ እህቷን ኩልሚዬን ማየት።

ሙሜ መካኒኩ ሚክዳድ ዘንድ ሄዶ "የኤሌክትሪክ የቤንዚን ፓምፕ ግጠምልኝ" አለው።

"እዚህ ያለው የአዲሶቹ፣ የኢንጀክሽን መኪኖች ፓምፕ ነው፤ ዛሬውኑ እገጥምልሃለሁ። ግን አባ ሙሜ፣ ግፊቱ እንደ ፔጆህ ላለ ባለካርቡሬተር አሮጌ መኪና ይበዛል። ቤንዚኑ ገንፍሎ ሞተሩ ላይ ይፈሳል፤ ወላሂ እሳት ነው! ላንተ የሚሆነው ግፊቱ ዝቅ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል።"

"ዱኒያን እሳት ላይ አላስቀምጥም። ዝቅ ያለውን እዘዝልኝ።"

ቤት ገብቶ ነገራት።

"ሳምንት?" አለች ዱኒያ። "አቦ ሙሜ፣ የሰው መኪና እንያዝ።"

"ስንቱን ሳመላልስ ኖሬ አንቺን በሰው መኪና? ትንሽ ታገሺኝ።"

ዱኒያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አረፈች፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረች።

ፓምፑ የደረሰው ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ሚክዳድ የቤንዚን ታንከሩ አጠገብ ገጥሞት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሳ።

"ምርጫህ ልክ ነበር" አለው ሊያጽናናው።

በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ወደ ቢዮ አዋሌ ነዳ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ እንድትቆም ተመኘ። ብትቆም፣ ፓምፑ ያኔውኑ ቢገጠም እንኳ ዱኒያን ይዣት አልደርስም ነበር ብሎ ይጽናና ነበር። አልቆመችም።

ኩልሚዬ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀምጣ ስትጠብቀው አገኛት።

"መኪናዋ መንገድ ላይ አላስቸገረችህም?"

"አንዴም።"

እጁን ያዘችው። "በየቀኑ በስልክ እናወራ ነበር" አለች። "በመጨረሻዋ ቀን፣ 'ተቀይሜዋለሁ፤ ግን እንዳትነግሪው' አለችኝ። ሆዴ ውስጥ ይዤው መቆየት አቃተኝ፣ ሙሜ።"

ሙሜ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኩልሚዬም አብራው አለቀሰች፤ እጁን ግን አልለቀቀችውም።