ሁለት ዳይመንድ

...ብላለች፣ ሁለት ዳይመንድ ብላለች፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ያንን እንኳ ይሁን፣ ሰው ነው ይሳሳታል፣ ግን የድሮ አስተማሪዋ ጋሽ ገብረአማኑኤል ካርታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ረጋ ብለው አለፍኩ ሲሉ ለምን ዓይኗን አፈጠጠችባቸው፣ ጋሼ፣ እንዴት ያልፋሉ፣ ለምን አለች፣ ጠረጴዛው ሁሉ እየሰማ፣ የባንኩ ታምራት ከኋላ ቆሞ እያየ። በቃ። ያቺው ለምን ናት። አሁን ያቺን ቃል በምን ትመልሳት።

ፊቷ የሚያቃጥል ዳጣ በባዶ ሆዱ እንደበላ ሰው ይነድዳል፣ ብሩክታይት፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ አስተካክሉ ባይዋ፣ በመስኮቱ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል፣ ሶዶ ላይ ዝናብ ሊጥል ነው፣ ከታች ባጃጅ ይጮኻል፣ ወይ ወርዳ በአንዱ ባጃጅ ተሳፍራ ብትጠፋ፣ ወዴት ነው የምትጠፋው፣ ከራስ ይሸሻል እንዴ።

ብሪጅ የሚሉት የካርታ ጨዋታ እኮ ግማሹ ንግግር ነው፣ ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው አጋርሽ ካርታሽን አያይም፣ የሚያውቀው የጠራሽውን ብቻ ነው፣ አምኖሽ ይነዳል። አጋሯ ጋሼ አንድ ኸርት ብለው ከፈቱ፣ ኸርት እንደ ዳይመንድ ሁሉ የካርታ ዓይነት ነው፣ አሰፋሽ ከጎን ደብል አለች፣ ለአጋሯ ለጦና፣ ከኸርት ሌላ ያለህን ጥራ ማለቷ ነው፣ ከዚያ የብሩክታይት ተራ ደረሰ፣ እጇ ላይ ዳይመንዱ ረድፍ ይዟል፣ ንጉሡ ንግሥቲቱ ሁሉም አለ፣ ልቧ ዘለለ፣ ሁለት ዳይመንድ። ከደብል በኋላ እንዲህ ወደ ሁለት ወጥቶ አዲስ ዓይነት የሚጠራ ሰው ግን እጄ ደካማ ነው፣ ረጅም ዳይመንድ እንጂ ሌላ የለኝም፣ እዚሁ ተወኝ ማለቱ ነው። እጁ የጠነከረ ሰው መጀመሪያ ደብሉን መልሶ ሪደብል ይላል። ይህን ሕግ ማን አመጣው፣ ማን ነው ቅዳሜ ዕለት ሰሌዳው ፊት ማርከር ይዞ የተንጎራደደው።

እሷ። እሷው ራሷ።

ጋሼ ያ እርስዎ ድሮ ከሚሽኑ ሐኪም የተማሩት አርጅቷል፣ አዲስ ዓይነት ሲጠራ አጋር ማለፍ አይችልም የሚባለው ከደብል በኋላ አይሠራም፣ እሱን ይርሱት፣ አለቻቸው፣ ይርሱት አለቻቸው እኮ፣ እሳቸውም እሺ ልጄ ብለው ከበዴሳ ሶዶ በሚኒባስ ሲመጡ መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑት ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የምጸልይ መስሏት አሜን አሜን ትለኛለች ብለው ሲያስቋት። አሮጌውን ረሱት። አዲሱን የረሳችው እሷ ናት፣ ጥሩ ካርታ ስታይ ዓይኗ ተጋርዶ።

መቼ አወቀች፣ ጨዋታው ሳያልቅ ነው ያወቀችው፣ አትዋሺ፣ ጋሼ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ፣ እሷ ካርታ በካርታ ላይ እየሰበሰበች፣ ያ ሰሌዳ ከነጽሑፉ ፊቷ ድቅን አለ፣ ያኔ ዝም፣ ሰበሰበች፣ ዝም፣ የሰበሰበችው በዛ፣ ሽልማቱ ግን አስቀድሞ ለጠራ ነው፣ ትልቁን ጥሪ ጠርተው ቢሆን ኖሮ ውድድሩ የእነሱ ነበር፣ ለሐዋሳው ግጥሚያ የሚሄዱት እነሱ ነበሩ። ጦና ሳቀ፣ የክበቡ ሰብሳቢ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ነው፣ ጋሽዬ በዚህ እጅ ይታለፋል እንዴ፣ እርጅና ገባ መሰለኝ፣ አለ፣ አሰፋሽም ሳቀች፣ ብሩክታይትም፣ አዎ እሷም፣ ጥርሷን ገለጥ አደረገች። ምን የሚሉት ጥርስ ነው።

እናቷ ካርታ የሰይጣን መጽሐፍ ነው ስትላት፣ አንቺ የዘማሪ ልጅ አይደለሽም ወይ ስትላት፣ እማዬ ይሄኮ ቁማር አይደለም፣ እዚህ አጋርሽን ማመን ነው፣ አይዋሽም፣ ብላ ስንቴ ሰብካለች። አይዋሽም።

ጋሼ አይስቁም፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ የጠራውን ደግመው ይጠርጋሉ። ረስቼ ይሆናል፣ ይቅርታ ልጄ፣ ይላሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሷ ብቻ፣ እኔ እኮ በትክክል የያዝኩት መስሎኝ ነበር፣ ሁለት ዳይመንድ ካልሽ ተወኝ ማለትሽ ነው ብዬ፣ የወንድሜ ነገር እኔም ላይ መጣ መሰለኝ።

የወንድማቸው ነገር። ዲምቱ ያሉት ወንድማቸው፣ የወለዷቸውን ልጆች የማን ልጆች ናችሁ እያሉ የሚጠይቁት፣ ጋሼ እሳቸውን ጠይቀው በመጡ ቁጥር ማታ ማታ የተማሪዎቻቸውን ስም እየጠሩ ራሳቸውን የሚፈትኑት፣ አንቺ በስንተኛው ወንበር ነበር የምትቀመጪው ብለው በስልክ የጠየቋት፣ በመስኮቱ በኩል ጋሼ፣ አዎ በመስኮቱ በኩል፣ ተመስገን አለሁ። ሚስታቸው ዓመለወርቅ ከሞቱ ወዲህ ከቤት አልወጣ ሲሉ ጎትታ እዚህ ያመጣቻቸው እሷ ናት፣ ጭንቅላትዎን ይጠብቅልዎታል ብላ። ጠበቀችላቸው።

ንገሪያቸው። አሁን። ጦና ሲስቅባት ይታያታል፣ መምህርት ብሩክታይት የራሷን ሕግ ረሳች፣ በሳምንቱ ክበቡ ሁሉ ይቀባበለዋል፣ ይቀባበለው፣ አይደለም፣ ቆይ፣ ሲሄዱ በስልክ ትነግራቸዋለች፣ ቀስ ብላ፣ ለብቻቸው፣ ፈሪ፣ በሰው ፊት ጥለሽ ለብቻ ልታነሺ።

ጋሼ ጃንጥላቸውን ከወንበሩ ጀርባ ያነሳሉ። ታምራት፣ ና እዚህ ቁጭ በል፣ ወጣት ይያዘው፣ ይላሉ፣ ታምራት ኧረ ጋሼ እያለ ወንበሩን ግን ይዞታል፣ ጦና ሎኦ፣ ሎኦ፣ ጥሩ ነው፣ ይረፉ ጋሽዬ ይላል፣ በሩ ጋ ደርሰዋል፣ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል፣ ከዚህ በፊት ግድግዳ ይዘው አያውቁም፣ ወጣ ካሉ ደግሞ የሚመለሱ ሰው አይደሉም፣ በዴሳ ገብተው በር ዘግተው ስም ሊጠሩ ነው።

ጋሼ። ተነስታለች፣ ወንበሯ ወድቋል፣ በሩ ጋ ደርሳባቸዋለች። አልረሱም። እኔ ነኝ የረሳሁት፣ እርስዎ ማለፍዎ ልክ ነበር፣ ሪደብል ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ከመካከል አውቄው ነው ዝም ያልኩት። በሹክሹክታ ነው፣ ከእሳቸው በቀር የሰማ የለም፣ ጦና ካርታ እየበወዘ ነው።

ጋሼ ይዞራሉ። ይቆጡኝ፣ አምላኬ፣ ይስደቡኝ፣ ትላለች በሆዷ። እሳቸው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ተመስገን፣ ይላሉ፣ እሷን ሳይሆን ፈጣሪን ነው፣ ተመስገን፣ እጃቸው ግድግዳውን ይለቃል። ቢቆጧት በተሻላት።

ጭንቅላቴስ ደህና ነው፣ ይላሉ ጋሼ፣ ጆሮዬ ነው የደከመ፣ እስቲ ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ ልጄ፣ በዴሳ ክፍል ውስጥ ቆመሽ እንደምትመልሽው።

ጦና መበወዙን ያቆማል። ብሩክታይት እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች፣ ሳታስበው ነው፣ ያኔ እንዲያ ነበር የሚቆመው፣ እና አፏን ትከፍታለች።