አጭሩ ቦይንግ

ዓምደሚካኤል በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲፈታ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ ወደ ሥራው አልተመለሰም። ከመታሰሩ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። አሁን ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቱ መስኮት ስር ተቀምጦ ይውላል። ፒያሳ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ጥሩነሽ ምሳውን ከድናለት ትወጣለች፤ ስትመለስ አንዳንዴ እንደተከደነ ታገኘዋለች። ለምን እንዳልበላ ስትጠይቀው መራቡን ልብ እንዳላለው ይነግራታል።

ኅዳር ላይ የድሮ ባልደረባው አባይነህ ፍራንክፈርት ደርሶ ሲመለስ አንድ ካርቶን አመጣለት። ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነበር፤ ቦይንግ 707። እጁ ሥራ እንዳይረሳ ብሎ ነው። ዓምደሚካኤል አመሰገነውና ካርቶኑን አልጋ ስር አስገባው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጥሩነሽ ከገበያ ስትገባ የአውሮፕላኑን ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማስመሪያ ሲለካ አገኘችው። ሊያሳጥረው እንደሆነ ነገራት። እሱ ሲጠግነው የኖረው ቦይንግ 720 መልኩ ያው ሆኖ ከ707 ያጥራል። በዚህ ልክ ሲሰላ ከገላው ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም መውጣት አለበት፤ ከክንፎቹም ጫፍ ጫፉ።

"እንዳለ ብትሠራውስ?"

"ለአታክልቲ የነገርኩት አጭሩን ነው።"

ይህን ስም ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከማስመሪያው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ነገራት። አታክልቲ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ እስር ቤት ጎን ለጎን ይተኙ ነበር። ካርታ ላይ የማያውቀው አገር የለም፣ አውሮፕላን ግን ተሳፍሮ አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ ይጠይቀዋል፤ በሩ በየት በኩል ነው፣ መስኮቱ ስንት ነው፣ ከክንፉ ኋላ የተቀመጠ ሰው መሬቱ ይታየዋል ወይ። አንድ ጧት ስሙ ተጠራና ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ዓምደሚካኤል መጋዙን አንስቶ ወደ ጭራው ተጠግቶ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩሉን ቆርጦ አወጣ። ሲገጥመው ግን አልገጠመም፤ ገላው እዚያ ጋ እየጠበበ ስለሚሄድ አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆነ። አልተናደደም። ሁለቱን ይዞ ተቀመጠ።

ጥሩነሽ ተቀብላው አገላብጣ አየችው። "የቆረጥከውን መልሰህ አጣብቀው። የሚወጣው ቀጥ ካለው ላይ ነው፤ ቀሚስም የሚያጥረው እንደዚያ ነው" አለችው።

እንዳለችው አደረገ። ከክንፉ ፊትና ኋላ ቀጥ ካለው ላይ አወጣ፣ አጣበቀ፣ ስፌቱን በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው።

ጥር ላይ ሲያልቅ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ወረደ። አታክልቲ የእናቱ ቤት የት እንደሆነ ደጋግሞ ነግሮት ስለነበር አልጠፋውም። እናትየው ወይዘሮ ጽጌማርያም በሩን ከፈቱ። ማን እንደሆነ ነገራቸው፤ አስገቡት። ጋዜጣውን ራሳቸው ፈቱት።

"ልጄ ቢሳፈር የት ነበር የሚቀመጠው?"

ከክንፉ ኋላ ያለውን መስኮት አሳያቸው። "እዚህ ጋ። መሬቱ ይታየው ነበር።"

ወይዘሮ ጽጌማርያም ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ልጃቸው የት እንደተወሰደ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ሌሎች ሰዎች ሌላ እስር ቤት ነው፣ ሱዳን ገብቷል ይሏቸው ነበር። ዓምደሚካኤል ልጃቸው ተጠርቶ ሲወጣ ብቻ እንዳየው ነገራቸው።

"ቀኑን ታስታውሰዋለህ?"

"የካቲት ሃያ ስድስት፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት።"

ደግመው አስነገሩት። "ቀን አልነበረኝም" አሉ። "ልጄን የማስብበት ቀን አልነበረኝም።"

ወደ ቤቱ ሲወጣ ዕንባ ይመጣ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ለጥሩነሽ ሴትየዋ አውሮፕላኑን መቀበላቸውን ብቻ ነገራት።

የካቲት ሃያ ስድስት ወይዘሮ ጽጌማርያም ልከውበት ከጥሩነሽ ጋር ሄደ። ለአታክልቲ መታሰቢያ የመጡ ቄስና ጥቂት ዘመዶች ነበሩ። ሴቶቹ ደጅ እንዳይሰማ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። ዓምደሚካኤል አላለቀሰም፤ የሚያደርገው ጠፍቶት በሩ አጠገብ ቆመ። ወይዘሮ ጽጌማርያም አዩትና በእጃቸው ጠርተው፣ ከቤተ ዘመዱ መሃል፣ ከጎናቸው አስቀመጡት።